የላሟ ሌላኛው ዓይን

ቡታጅራ ውስጥ ማንም ሳያስተምረው ሥዕል አውቆ የሚያስተምር ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ዛሬ ልጆቹ በከሰል የሣሉትን እየተሻሙ ሲያሳዩኝ አንዲት ተማሪዬ ግን የእሷን በክንዷ ሸፈነችው። የከሰሉ ሽታ ልጅነቴን አመጣብኝ።

መስቃን ውስጥ አዲስ የተመረገው የቤታችን ግድግዳ ላይ በከሰል ላም ሣልኩ። ዱላ ስጠብቅ አያቴ ቀረብ ብለው አዩና፣

«ሌላኛው ዓይኗ የታል?» አሉኝ።

«በወዲያኛው በኩል ነው፣ አባባ።»

ቤት ገብተው ግድግዳውን ከውስጥ ፈትሸው ወጡ። «የለም። በል ግባና ሣልላት!»

ከዚያ ወዲህ የሚያቆመኝ አልተገኘም።

ተማሪዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። «አሳዪኝ እንጂ፣ ልጄ።»

«አያምርም፣ ጋሼ።»

«እሱን ለእኔ ተዪው! እንደኔ ያለ ዓይን የት ታገኛለሽ?»

ሳቋ መጣ፤ ክንዷን ግን አላነሳችም። እኔም እስክታነሳ ንቅንቅ አልልም።