ለመስቀል የተቀመጠው ቅቤ ወልቂጤ ሄደ

ክረምት ሲገባ የቤታችን ሰው ሁሉ ቦታ ይቀያየራል። በበጋ ተማሪ የነበሩት ልጆች ሥራ ፈት ይሆናሉ። በበጋ አስተማሪ የነበረችው እናታቸው ደግሞ ደብተርና ብርድ ልብሷን ይዛ ለክረምት ትምህርት ወልቂጤ ትሄዳለች። ልጄ ሚኒባስ ይነዳል። ቀኑን ሙሉ በዝናብ መንገድ ላይ ውሎ ይመጣና በር ላይ ጭቃውን እያራገፈ «በላችሁ?» ይላል። መልሱን ሳይሰማ እንቅልፍ ይወስደዋል። ስለዚህ ቡታጅራ ያለውን ቤት ክረምቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ፣ ሁለት የልጅ ልጆቼን ይዤ።

ትልቋ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ለፈተና እየተዘጋጀች ነው ይባላል። ዝግጅቱ የሚካሄደው ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ወንድሟ ዐሥራ አምስት ሞልቶታል። ጭቃ ላይ ኳስ ይጫወትና ካልሲውን ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ ያሰጣዋል፤ «እዚያ ይሞቃል» ይላል። እውነትም ይሞቃል። እኔ ዜና የምከታተለው አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ነው።

እናታቸው አመሻሹ ላይ በቪዲዮ ትደውላለች። ልጆቹ ለዚህ ብለው አንድ ጥግ አዘጋጅተዋል፤ ከሶፋው አጠገብ፣ መጋረጃውና የፕላስቲክ አበባው ያሉበትን። ያን ጥግ በየቀኑ ይጠርጉታል። የቀረው ቤት ምን ይመስል እንደነበር አልጽፍም።

«እስቲ ወጥ ቤቱን አሳዩኝ» አለች አንድ ቀን።

«ኔትወርክ እየተቆራረጠ ነው ማዘር» አለ ልጁ፣ ካሜራውን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ።

«ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማኛል እኮ።»

«ድምፁን ብቻ ነው የማይቆርጠው።»

«እማዬን አቅርብልኝ።»

ስልኩን ተቀበልኩ። ወጥ ቤቱ ንጹሕ ነው አልኳት። ጠዋት ንጹሕ ነበር።

የልጄ ሚስት የጎጃም ልጅ ናት፤ ወደዚህ የመጣችው አስተማሪ ሆና ተመድባ ነው። መጀመሪያ ቤታችን ስትገባ ቆጮ ሲቀርብላት ትንሽ ትቆርስና እንደ ኪኒን በውኃ ትውጠው ነበር። አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። ሁለታችንም ብዙ አንናገርም። እሷ ዝም የምትለው አክብራኝ ነው፤ እኔ ግን ተፈጥሮዬ ነው። ዘንድሮ ሻንጣዋን ስታስር፣ «እማዬ፣ ልጆቹን ጥዬብዎት ልሄድ ነው፤ ቅር አይበልዎት» አለችኝ። «መንገድሽን ያቅናው» አልኳት። ከሄደች በኋላ ሳስበው ንግግሬ ትንሽ አጠረብኝ።

ቅቤው የመጣው ነሐሴ ላይ ነው። የሰፈራችን ሴቶች ውጆ አለን፤ ሁላችንም ቅቤ እናዋጣና በየተራ አንዳችን ጠቅለል አድርገን እንወስዳለን። ከተራ ሁሉ የሚፈለገው ለመስቀል የሚደርሰው ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ፣ ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም የሚመጣው ዘመድ ሁሉ የመስቀልን ክትፎ የሚበላው እኔ ቤት ነው። ጉራጌ ዘንድ ክትፎው የደረቀበት ቤት ስሙ እስከሚቀጥለው መስቀል ይከተለዋል። አንዳንዴም አይለቅም። የአንዲት ዘመዳችን ቤት እስከ ዛሬ «የደረቁ ቤት» እየተባለ ይጠራል። ሴትዮዋ ከሞተች ቆይታለች።

ዘንድሮ ያ ተራ ለእኔ ደረሰኝ። ቅቤውን አጠብኩት፣ በኮባ ማለትም በእንሰት ቅጠል ጠቀለልኩት፣ በቃጫ አሰርኩት። በዓሉ ሲቀርብ አነጥረዋለሁ ብዬ ወጥ ቤት ከመደርደሪያው ሥር ቀዝቃዛው ቦታ አኖርኩት። ከጎኑ ቆጮ ነበር፣ እሱም በኮባ ተጠቅልሎ። ከውጭ ሲያዩአቸው መንትያ ናቸው። ለእኔ ጣቴ ይነግረኛል። ሌላ ሰው ይነካቸዋል ብዬ አልሰጋሁም፤ ከእነዚያ ልጆች ወጥ ቤት ገብቶ ዕቃ የሚነካ አልነበረምና።

በዚያው ሳምንት እናታቸው ደወለች። ስታፍር ድምፅዋ ይታወቀኛል።

«እማዬ፣ ትንሽ ቆጮ ቢልኩልኝ።»

«ወልቂጤ ቆጮ ጠፋ?»

«ሞልቷል። ግን የቤታችን ዓይነት አይደለም።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም በእጄ እንደያዝኩት ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ልጁን ጠርቼ፣ «ነገ እኔ በጠዋት ለቅሶ እወጣለሁ። ከመደርደሪያው ሥር ቆጮውን ወስደህ መናኸሪያ ለወልቂጤው ሹፌር ስጠው፤ አባትህ ነግሮታል» አልኩት።

ለቅሶ ቤት ውዬ በዝናብ ተመለስኩ። ምሳ ላቀርብ ከመደርደሪያው ሥር እጄን ብሰድ የነካሁት ቆጮ ነው። ግራና ቀኙን ዳሰስኩ። ሌላ ነገር የለም።

«የላክኸው የቱን ነው?» አልኩት።

«በኮባ የተጠቀለለውን።»

«ይኼስ በምን ነው የተጠቀለለው?»

ጎንበስ ብሎ አየው። «በኮባ» አለ።

«ስትይዘው ምን ምን ይል ነበር?»

«ለስለስ ይላል። ዘንድሮ ቆጮው አሪፍ ወጥቷል ብዬ ነበር።»

እህቱ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ሳቀች።

«አንቺስ አላየሽውም?»

«ስልክ ላይ ነበርኩ። እሱ ነው? አለኝ፣ እሱ ነው አልኩት። ሁለቱም ያው ቅጠል አይደል እንዴ እማማ?»

የጉራጌ ልጆች ናቸው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ልጁ እህቱን በሹክሹክታ «አባባ ጋ እንደውል ወይስ ጤና ጣቢያ?» ሲላት ሰማሁ።

ሹፌሩ ስልክ አያነሳም፤ መንገድ ላይ ነው። ነገሩ የሚያስጨንቅ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስትደውል እውነቱን እነግራታለሁ፣ ልጁ ተሳስቶ ነው እላታለሁ፣ በነገው መኪና ትመልሰዋለች። ሰው ይሳሳታል። ቃላቱን ሁሉ አዘጋጅቼ ጠበቅሁ።

አመሻሽ ላይ ደወለች። ያን ቀን በቪዲዮ አልነበረም።

«እማዬ» አለች።

«ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ። እኔ የጠየቅሁት ቆጮ ነበር። እርስዎ ግን የመስቀል ቅቤዎን ላኩልኝ። ስወጣ ቅር ብሎዎት የሸኙኝ መስሎኝ ክረምቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ እማዬ።»

ትልቋ ዐይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። ልጁ ጣሪያውን ያያል። ያዘጋጀኋቸው ቃላት አንዳቸውም አልተገኙም።

«ብዪው» አልኳት። «እዚያ ብርድ ነው።»

ስልኩ እንደተዘጋ ትልቋ ከብርድ ልብሷ ወጣች፤ በዚያ ሳምንት በራሷ ፈቃድ ስትወጣ ያኔ አየኋት። «እማማ፣ ምንድን ነው ያልሻት?»

«ብዪው አልኳት።»

«መስቀልስ?»

«እሱንማ እናንተ ታመጡታላችሁ።»

በገበያ ቀን ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ። በክረምት ገበያ ቅቤ መግዛት ዐይን ይፈልጋል፤ ሙዝ የሚደባልቅበትም አለ። ልጁ ንጹሕ ቅቤ እንዴት እንደሚለይ ከስልኩ እያነበበ ነጋዴዋን የሞቀ ውኃና ብርጭቆ ጠየቃት።

«ሻይ ቤቱ ወዲያ ነው ልጄ» አለችው።

ያየሁትን ቅቤ ሁሉ ልቤ አልቀበል አለ። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

የቀረችኝ ጎረቤቴ ናት። በርበሬ ትነግዳለች፤ እስላም ናት፣ መስቀል አይመለከታትም። በውጆው ተራዋ ከእኔ ቀጥሎ ነው። ልጆቹን አስከትዬ ሄድኩ። ልጁ ከሁላችን ቀድሞ «አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ» አለ።

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ዛሬ ምን አጥፍተህ ነው እንዲህ የጨዋ ልጅ የሆንከው?» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቅቤሽ ወልቂጤ ገባ አሉ።»

«ማን ነገረሽ?»

«በመካከላችን ያለው ቆርቆሮ ነው እኮ። ያላችሁትን ሁሉ ሰምቻለሁ። ብዪው ስትያት ጊዜ ይቺ ሴትዮ አመማት እንዴ ብዬ ልመጣ ነበር።»

ስቃ ስትጨርስ ተራሽን ስጪኝ አልኳት። አላመነታችም። «የእኛ በዓል አልፏል። ውሰጂው፣ እኔ ቀጥዬ እወስዳለሁ። ግን እነዚህን ሁለቱን ታበድሪኛለሽ።» ከቆሼ ከተማ ያስመጣችው የማረቆ በርበሬ እርጥበት ነክቶት ኖሯል፤ ተለቅሞ፣ ግንዱ ተቀንጥሶ ቤት ውስጥ መሰጣት ነበረበት።

«እኔ ፈተና አለብኝ» አለች ትልቋ።

«ደብተርሽን ይዘሽ ነይ። በርበሬ አጠገብ የተቀመጠ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም።»

የዚያን ክረምት ጥናት በጣም የተጠናው እዚያ ይመስለኛል። ሁለቱ በርበሬው መካከል ተቀምጠው ያስነጥሳሉ፤ እኔ በቆርቆሮው በኩል እሰማለሁ። በመጀመሪያው ቀን ልጁ በበርበሬ እጁ ዐይኑን አሽቶ ጩኸቱ ሰፈሩን አዳረሰው። ሮጬ ስደርስ ጎረቤቴ አገጩን ይዛ የዐይኑን ዙሪያ ቅቤ እየቀባችው ነበር። «ዝም በል። ይኼን ከአያትህ ድርሻ ላይ ነው የምቀንሰው» ትለዋለች።

ማታ እናታቸው በቪዲዮ ስትደውል ሁለቱም በተጠረገው ጥግ ተደርድረው ቆሙ፣ ዐይናቸው ቀልቶ።

«ምን ሆናችሁ? አልቅሳችኋል እንዴ?»

«እያጠናን ነው» አለች ትልቋ። ውሸት አልነበረም።

ጳጉሜ ላይ የጎረቤቴ ተራ ደረሰና ቅቤው ቤቴ ገባ። በኮባ ጠቅልዬ ከመደርደሪያው ሥር አኖርኩት። ቆጮውን ግን አንስቼ መኝታ ቤቴ አስገባሁት።

የልጄ ሚስት አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል ትምህርቷን ጨርሳ መጣች። ሻንጣዋን አስቀምጣ፣ ልጆቹን ስማ፣ ቀጥታ ወጥ ቤት ገባች። ከመደርደሪያው ሥር ያለውን ኮባ አየች። ጎንበስ ብላ በጣቷ ጫን አደረገችው።

«ቅቤ ነው» አለች።

«ቅቤ ነው።»

«ከየት አገኙ?»

«ከጎረቤት።»

ቀና አለች። «ልጁ ያን ዕለት ደውሎልኝ ነበር» አለችኝ። «ዕቃው እጄ ሳይገባ። ማዘር ተሳስቼ ነው፣ እማማ ሳትጠይቅሽ መልሺልኝ አለኝ።»

ወደ ሳሎን አንገቴን አውጥቼ ልጁን ፈለግሁት። ጥጉ ላይ ነበር ቅድም። አሁን የለም።

«አውቀሽ ነው እንግዲህ የደወልሽልኝ?»

«አውቄ ነው። መልሺ ቢሉኝ ልመልሰው እንደታሰረ አስቀምጬው ነበር። እርስዎ ብዪው አሉኝ።»

«እና በላሽው?»

«ሐሳብዎን ይቀይሩ ይሆናል ብዬ ጥቂት ጠበቅሁ። አልደወሉም። ከዚያ ከመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ጋር በላነው። ሲከነክነኝ ነበር ያልኩት ግን እውነቴን ነው» አለች።

ልቆጣ አሰብኩ። ቁጣው እስኪመጣ ብጠብቅ ቅቤው ሳይነጠር መስቀል ይደርስ ነበር። በዚህ ቤት የመስቀል ቅቤ ከእኔ በቀር ያነጠረ ሰው የለም። ድስቱን ከመደርደሪያው አውርጄ ሰጠኋት።

«አንቺ አንጥሪው።»

«እኔ? ያ ሁሉ እንግዳ ሊመጣ?»

«እሳቱ አይብዛ» አልኳት።

በአገሯ ልማድ ይሁን ወይም በፍርሃት፣ ኮረሪማውን አበዛችው። አጠገቧ ቆሜ አያለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

የመስቀል ዕለት ቤቱ ሞላ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ በክትፎ ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው፣ አንድ ጎረሱና አኘክ አኘክ አደረጉ። ልጄ መብላቱን አቆመ። እሷም በር ላይ ቆማ ቀረች።

«ቅቤው ዘንድሮ ሽታው ተለየብኝ» አሉ። «ማን ነው ያነጠረው?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እሷ ናት» አልኩ።

ሰውየው ወደ በሩ አዩ፣ ከዚያ ወደ ሳህናቸው። «ጨምሪልኝ» አሏትና ሳህናቸውን ዘረጉ።

ከኋላቸው ልጁም ሳህኑን ዘረጋ።

«አንተ ቆይ» አልኩት። «መጀመሪያ ቆጮው የቱ እንደሆነ አሳየኝ።»