ከአንድ ሰሃን በልተን

ሆዳም የተባልኩት ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ያለኝ ደግሞ ጠላት አይደለም፤ ባለቤቴ ነው።

እኔም እሱም ስኳር አለብን። መገናኛ ወዳለ ክሊኒክ አብረን ነበር የምንሄደው፤ የታዘዘልን ምግብም አንድ ዓይነት ነው። ጠዋት የአጃ ገንፎ፣ ነጭ ዳቦ እርም፣ እንጀራ በትንሹ። ከየካ አባዶ ታክሲ ተጋፍተን እንሄዳለን፣ እንመረመራለን፣ የእሱ ይወርዳል፣ የእኔ ይወጣል። በሚቀጥለው ቀጠሮም ያው።

የክሊኒኩ ባለሙያ ልጄ የሚሆን ጎረምሳ ነው። «እናቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ የሚደብቁኝ ነገር አለ» አለኝ። ደሜ ፈላ። አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ቀደመኝ።

«እኛኮ የምንበላው ከአንድ ሰሃን ነው! የእኔ ወርዶ የእሷ የሚወጣው ሌላ ቦታ ብትበላ ነው እንጂ!»

ወይ ጉድ! ከተጋባን ጀምሮ ሰሃን ለይተን አናውቅም፤ በዚህ እኮራ ነበር። ለካ እኔው ላይ የሚመሰክር ሰሃን ነው ሳጥብ የኖርኩት።

ከዚያ ወዲያ ዘበኛ ሆነብኝ። ቁም ሳጥን ይከፍታል። ከሱቅ ስመለስ ፌስታሌን ይበረብራል። ቅዳሜ ጠዋት ለእግር ጉዞ ሄደን እንጦጦ ዳገቱን ስንወጣ እንኳ፣ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ካየ በእኔና በእሷ መሃል ይገባል። ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ሌባ ብሆን ቆሎ ልስረቅ?

እሱንም ቻልኩት። ያልቻልኩት የማኅበሩን ነው። ማኅበራችን ባደግኩበት ሰፈር፣ እንጦጦ ግርጌ ነው። ድፎው ተቆርሶ አንዲት ጎረቤት ቁራሽ ስትዘረጋልኝ፣ «ለእሷ እንዳትሰጫት! ይቺ ሆዳም ራሷን ልትገድል ነው» አለ ባለቤቴ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከእኔ ጋር ያደጉ ሴቶች ሳቁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሆድና ጀርባ የሆንነው ያን ቀን ነው።

ብቻዬን ሲ.ኤም.ሲ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሴት ናት። ሳትጠይቀኝ ጮህኩባት፦ «አልደብቅም! ማርያምን አልደብቅም!»

«አምንዎታለሁ» አለችኝ። በዚህች አንድ ቃል ብቻ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ከዚያ አስረዳችኝ። አንጀታችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ የእኔና የባለቤቴ አንድ ዓይነት አይደሉም። አብረን ብንበላም እህሉን የሚቀበሉት የተለያዩ ናቸውና ለእሱ የሚስማማው እኔ ላይ ስኳር ሊያወጣ ይችላል። ሌላም ምክንያት ሊኖር እንደሚችል፣ ባክቴሪያዎቹን የምትመረምርበት መሣሪያ እንደሌላትም አልደበቀችኝም።

«ታዲያ ሆዳሞቹ እነሱ ናቸዋ!» አልኳት። ሳቀች። «መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ፣ ከእያንዳንዱ ምግብ በፊትና በኋላ ቤትዎ ይለኩ። ባለቤትዎም አጠገብዎ ይለካ» አለችኝ።

የስኳር መለኪያ መሣሪያ ገዝተን ለካን። አጃውን በላን፤ የእሱ ንቅንቅ አላለም፣ የእኔ ጣሪያ ነካ። ያ ለጤናሽ ነው እየተባልኩ ስውጠው የከረምኩት አጃ! በሌላ ቀን እንጀራ በሽሮ በላን፤ የእኔ እምብዛም አልጨመረም፣ የእሱ ወጣ።

«መሣሪያው ተበላሽቷል» አለ። ደገምነው። ያው ነው። መሣሪያውን አስቀመጠና «እኔኮ ለጤናሽ ብዬ ነው» አለኝ። ይኼ ይቅርታ ነው?

«የሰደብከኝ በሰው ፊት ነው፤ የምትክሰኝም በሰው ፊት ነው» አልኩትና ሰሃን ለየሁ። እሱ በእሱ፣ እኔ በእኔ።

በሚቀጥለው ማኅበር ላይ ተነሳ። ላብ አጥምቆታል። «ሚስቴ ሆዳም አይደለችም። ተደብቃም አልበላች። አንጀታችን ነው የተለያየው፤ መሣሪያው አሳይቶኛል» አለ። ዛሬ የሳቀ የለም። «በቃ፣ እርቅ ነው! አጉርሺው!» አሉኝ ሴቶቹ።

አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ይባስ ብሎ አረረ።

«እሱን ነው ያመንከው» አልኩት፣ እዚያው በሰው ፊት። «ትናንት የገዛነውን መሣሪያ አመንክ። እኔን ግን ይኼን ሁሉ ዘመን አብረን በልተን አላመንከኝም።»

ሳላጎርሰው ቁጭ አልኩ። አሁን ስኳሬ ወርዷል፣ የእሱም ደህና ነው። ማታ ማታ ራት ሳቀርብ ሰሃኑን ወደ ሰሃኔ ያስጠጋል፤ እኔ ደግሞ የእኔን አንስቼ ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ።