ሹካ አያያዙን ያረመው ሰው

አባቴ ከገረሴ ደውሎ «ለሥልጠና አዲስ አበባ ከሄድክ አይቀር ያንን ሰው እይልኝ» ሲለኝ፣ የሚፈልጋቸውን ጥያቄዎች በማስታወሻ ደብተሬ ላይ በቁጥር ጻፍኳቸው። ሴቻ ውስጥ ስድስተኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ያልተጻፈ ነገር ይረሳል እያልኩ ተማሪዎቼን ስለማሰለች እኔ ራሴ ብረሳ ያሳፍረኛል።

ሰውየው ታላቅ እህቴን ለማግባት የጠየቀ ነው። እህቴ አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ጥያቄዎቹ አራት ነበሩ፦ ሥራው ምንድን ነው? ይጠጣል? ከዚህ በፊት አግብቷል? ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል? አባቴ የሰውየውን ሽማግሌዎች የሚቀበለው መልሶቼ ከጣሙት ብቻ ነው።

ጎሳው ምንድን ነው የሚል ጥያቄ አልነበረም። ምክንያቱን ላስረዳ። በእኛ በጋሞዎች ዘንድ የአንድ ጎሳ ሰዎች እንደ እህትና ወንድም ናቸው፤ ተያይተው ባያውቁ እንኳ አይጋቡም። ሽማግሌ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጎሳ የሆነው ለዚህ ነው። ሰውየው ግን አዲስ አበባ ተወልዶ እንዳደገ፣ አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ እንደነበሩ፣ ጋሞን ከካርታ በቀር እንደማያውቅ ለእህቴ ነግሯታል። ከሌላ አገር የመጣን ሰው ጎሳ የሚጠይቅ የለም።

ቅዳሜ እኔንና እህቴን ለምሳ የጋበዘን ጣሊያን ምግብ ቤት ነበር። ገና ከበሩ ጠረጠርኩ፤ ለአንድ አስተማሪ ነጭ የጠረጴዛ ልብስና በየሰው ፊት ሁለት ሁለት ብርጭቆ ምን ያደርግለታል? እኛ ቤት እንግዳ ከአንድ ሳህን ስለሚበላ ጠባዩ ቶሎ ይታወቃል፤ ማን እንደሚሻማ፣ ማን ሥጋውን ወደ ጎረቤቱ እንደሚገፋ ይታያል። እዚህ ሁሉም የየራሱን ሳህን ይዞ ሲቀመጥ፣ ሰው ራሱን ለመደበቅ የሚመርጠው ቦታ ይኸው ነው አልኩ በልቤ።

«እርስዎ ሥራዎ—» ብዬ ስጀምር አቋረጠኝ።

«ኧረ አንተ በለኝ! ቤተሰብ ልንሆን አይደል?»

ይህም አልጣመኝም። ሆኖም አራቱንም መለሰ፦ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የመጋዘን ኃላፊ ነው፤ አይጠጣም፤ አላገባም፤ እሑድ እሑድ ከእህቴ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ያመልካሉ።

«መምህር፣ ማርክ ትሰጠዋለህ ወይስ ይደግማል?» አለች እህቴ።

ያዘዝነው ላዛኛ እስኪመጣ ሰውየው የጠረጴዛውን ልብስ ዳር በሁለት ጣቱ ያዘ፤ አሸት አሸት አደረገና ገልብጦ ጀርባውን አየው። አባቴ ከእርሻው ጎን ለጎን ሸማኔ ነው። ልጅ ሆኜ ማጉን ቀሰም በሚባለው መቃ ላይ የማጠነጥንለት እኔ ነበርኩ። የማንም ሰው ዓይን በጨርቅ ፊት ላይ ያርፋል፤ ሸማኔ ግን ሳይታወቀው ገልብጦ ጀርባውን ያያል። የአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ይህን ከየት ተማረው?

በመጠርጠር ብቻ መቆም አልቻልኩም፤ ልፈትነው አሰብኩ። ላዛኛው ቀርቦ መብላት ስንጀምር ወደ እህቴ ዞር ብዬ፣ ድምፄን ሳልቀይር በጋሞኛ፦

«እጮኛሽ ሹካውን እንደ ዶማ ነው የጨበጠው» አልኳት።

እህቴ ሳቋን በናፕኪን ሸፈነች። ሰውየው ከሳህኑ ቀና አላለም፤ ጣቶቹ ግን ቀስ ብለው ተፈቱና ሹካውን እንደገና፣ በሥርዓቱ ያዙት።

የእህቴ ሳቅ ቆመ። እሷም አይታለች።

«ትሰማለህ?» አለችው በአማርኛ።

በጋሞኛ፣ ያውም ከእኔ በጠራ የደጋ ጋሞኛ፣ «እሰማለሁ» አላት።

እውነቱን ያኔ ነገረን፤ አባቱ ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ መጥተው ሽሮ ሜዳ የተቀመጡ ሸማኔ ነበሩ። እሱም አሥረኛ ክፍል እስኪጨርስ ከሳቸው ጎን ተቀምጦ ሸምኗል። ትምህርት ቤት በአባቱ ሥራ ይቀልዱበት ስለነበር ሥራ ሲይዝ ታሪኩን ለወጠው። ለእህቴም በመጀመሪያው ቀን ያንኑ ነገራት፤ ከዚያ በኋላ ማረም ከበደው።

«አባቴ ምን እንደሚሠራ ነግሬህ የለ? እንዲህ እያወቅክ?» አለችው።

«እሱን ስትነግሪኝማ የባሰ አፈርኩ።»

እኔን ግን ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነበር። ጋሞ ከሆነ ጎሳ አለው። ደብተሬን አውጥቼ ከአራቱ በላይ፣ በባዶው መስመር ላይ አንድ ቃል ጻፍኩና አዞርኩለት። አነበበው። ፊቱ ተለወጠ።

«አላውቅም። አባቴ ሳልጠይቀው ነው የሞተው። እናቴ ታውቃለች።»

«ደውልላት» አለች እህቴ። ላዛኛዋን ወደ ጠረጴዛው መሀል ገፋችው።

ደወለ፤ ድምፁንም ለሦስታችን እንዲሰማ አደረገው። ሰላምታው ረጅም ነበር። በመጨረሻ ጠየቃቸው።

«ጎሳህን?» አሉ እናቱ በጋሞኛ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅከውን? ሰው ጎሳውን የሚጠይቀው ሚስት ሲያገኝ ነው። ማናት? የማን ልጅ ናት?»

«እማዬ፣ መጀመሪያ ንገሪኝ።»

ነገሩት። የእኛ አልነበረም። እህቴ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀችው፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷ ጠቆረ። እኔም ምክንያቱ ገባኝ፤ እናቱን ከእሷ እንደደበቀ ሁሉ እሷንም ከእናቱ ደብቋታል።

«አጠገብህ ናት አይደል? እስቲ ስልኩን ስጣት» አሉ እናቱ።

እህቴ ስልኩን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ሄደች። እኔና ሰውየው የቀዘቀዘውን ላዛኛ እያየን ተቀመጥን።

«የደበቅከው ሌላ አለ?» አልኩት።

«የለም።»

ይህንንም ጻፍኩት፤ ከጎኑ ግን የጥያቄ ምልክት አደረግኩ።

እህቴ ተመልሳ ስልኩን ፊቱ አስቀመጠች። «ነገ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እናትህ ጋ እሄዳለሁ። ጠርተውኛል» አለችው። «አንተ ከፈለግህ ና።»

ከምግብ ቤቱ እንደወጣሁ ለአባቴ ደውዬ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኩት። ሸማኔነቱን ስነግረው ሳቀ። መደበቁን ስነግረው ሳቁን ተወ። ጎሳውን ስነግረው ደግሜ እንድጠራለት ጠየቀኝ።

«ሽማግሌ ይላክ፣ አልከለክልም» አለ በመጨረሻ። «ግን በስልክ የሰማሁትን ጎሳ አላምንም። ማክሰኞ ጨንቻ ገበያ ወጥቼ የአባቱን ዘመዶች ራሴ እጠይቃለሁ። አንተም ያንን ደብተር እንዳትጥለው።»