አበባ የተቀረጸበት ጠመንጃ

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ እማዬ ብቻዋን የማትገባበት አንድ ጓዳ ነበር። የአያቴ ጠመንጃ ያለው እዚያ ነው። አያቴ ሲሞቱ ለአባዬ ያወረሱት ያንን ጠመንጃና አንድ ቃል ነበር፦ ጠብቀው፣ ማቀባበያውን ግን አትክፈት። ለምን እንደሆነ አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀም። በዚያ ጊዜ ሊሞት የተቃረበ አባት ምክንያት አይጠየቅም ነበር።

ቤታችን ሐረር፣ አቦከር፣ ከከተማዋ ግንብ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ስለዚያ ዘመን እኛ ልጆች የምናውቀው ትልልቆቹ ሲያዩን ወሬያቸውን እንደሚያቋርጡ ብቻ ነው።

አባዬ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ከብዕር በቀር ሌላ ነገር በእጁ አያምርም። ቢሆንም እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ብርድ ልብስ አንጥፎ ጠመንጃውን ያወጣዋል። ሰደፉን ምስጥ ጀምሮት ስለነበር በላምባ በራሰ ጨርቅ ያሸዋል። ለብረቱ የእማዬን የስፌት መኪና ዘይት ሲጠቀም፣ ጠርሙሱን የምይዝለት እኔ ነኝ። የላምባና የዝገት ሽታ እስከ ማክሰኞ ከእጄ አይለቅም ነበር። ከማቀባበያው በላይ ስስ የብረት ክዳን አለው፤ ሲነካ ይንቀጫቀጫል። ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር እማዬ ወጥ ቤት ሆና ሥራዋን ታቆማለች።

ብረቱ ላይ ብዙ ቅጠል ያላት አበባ ተቀርጻለች። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሳምሶን በጣታችን ቆጥረን አሥራ ስድስት አገኘን። ከአበባዋ ሥር ማንም የማያነባቸው ሦስት ፊደላት አሉ። አባዬ የማያውቀው ጽሑፍ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጠመንጃውን በአንሶላ ጠቅልሎ፣ እኔን አስከትሎ ወደ ፈረስ መጋላ ሄደ። በጠባቡ መንገድ ስናልፍ የምናገኘው ሰው ሁሉ ግድግዳውን ተጠግቶ ያሳልፈናል። ብርቱካን የምትሸጥ አንዲት አሮጊት አንሶላውን አይታ፣ «አላህ ይጠብቃችሁ» አለች። ሰላምታ አልመሰለኝም።

ሰዓትም መሣሪያም የሚጠግነው አርመናዊ፣ ሙሴ አርቲን፣ አበባዋን ሲያይ ፈገግ አለ። የጃፓን ነው፤ አበባዋ የንጉሣቸው ምልክት ናት፤ ፊደላቱም የጠመንጃውን ስም እንጂ የተሠራበትን ዓመት አይናገሩም አለን። ዓመቱን የሚያወጣው ከቁጥሩና ከጎኑ ካለችው ትንሽ ምልክት ነው። በአጉሊ መነጽር ብዙ አይቶ፣ ከፊተኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ የተሠራ መሆኑን ነገረን። እንዲህ ያሉት በጦርነቱ ጊዜ ዐረብ አገር ገብተው፣ በኋላ ባሕሩን ተሻግረው መምጣታቸውንም ያውቅ ነበር። አባዬ በደስታ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ሙሴ አርቲን ግን ማቀባበያውን ሞክሮ አልነቃነቅ ሲለው ፊቱ ተለወጠ።

«አቶ ደምሴ፣ ባዶ መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

አባዬ የአባቱን ቃል ነገረው። ሰውዬው ጠመንጃውን ቀስ አድርጎ፣ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙሮ መለሰለት። 

በሚቀጥለው እሑድ ጠመንጃውን እንደ ልማዱ ብርድ ልብሱ ላይ እንዳወጣው፣ ጎረቤት ጠርቶት አባዬ ወደ በር ወጣ። እኔ ጨርቁን አንሥቼ እንደ እሱ መጥረግ ጀመርኩ። ቃታው ዙሪያ ዝገት ስለነበር ጣቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ወዲያና ወዲህ አልኩት። ቀና ስል አራት ዓመት ያልሞላው ሳምሶን ብርድ ልብሱ ላይ በደረቱ ተኝቷል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሌላውን አፈሙዙ ላይ ለጥፏል። «ጨለማ ነው» አለኝ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር።  መጥታ ከወገቡ አነሣችውና ይዛው ወጣች። ማታ ለአባዬ የነገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ይከፈታል፣ ወይ እኔ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ።

ሙሴ አርቲን ማቀባበያውን ሦስት ቀን ዘይት አጠጥቶ ከፈተው። ከውስጡ ጥይት ወጣ። ቂጡ መሐል ላይ የጠመንጃው መርፌ የወጋው ጉድጓድ አለ። አንድ ሰው ቃታውን ስቦ፣ ጥይቱ ሳይጮኽ ቀርቷል ማለት ነው። ማቀባበያው ካልተከፈተ ዳግም ሊተኩስ አይችልም ነበር ብሎ አጽናናን፤ እኔ ግን ለብዙ ጊዜ ያንን ጣቴን እደብቅ ነበር።

አያቴ ማን ላይ እንደተኮሱ ያወቅነው የመስቀል ዕለት ነው። የአያቴ ታናሽ ወንድም አባባ ተሰማ እንደ ልማዳቸው ሊጠይቁን መጡ። አያቴ በሕይወት ሳሉ ሁለቱ በበዓል ተለያይተው አያውቁም፤ በአንድ ትሪ ይበላሉ፣ ይጎራረሳሉ። አባባ ተሰማ ገና ሳይቀመጡ ሁልጊዜ ይዘጋ የነበረውን የጓዳውን በር ክፍት አዩት።

«ጠመንጃውን ከፈትከው አይደል?»

አባዬ አንገቱን ደፍቶ፣ «የልጆቹ ነገር ሆኖብኝ ነው» አለ።

«አምጣት እስቲ።»

ጥይቷን መዳፋቸው ላይ አገላበጧት። «ለእኔ ነበረች» አሉ።

አባባ ተሰማ በጣሊያን ጊዜ ለጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ሆነው ያገለግሉ ነበር። ጠመንጃውን ካላስረከብክ ቤትህ ይፈተሻል ብለው ለወንድማቸው ሊነግሩ መጡ። አያቴ ባንዳ ብለው የወንድማቸው ደረት ላይ ደግነው ቃታውን ሳቡ። ቀጭ አለ እንጂ አልተኮሰም። አባባ ተሰማ ወጥተው ሄዱ፤ ለጣሊያኖቹም በዚያ ቤት መሣሪያ የለም ብለው ተናገሩ። ጠመንጃው በረት ውስጥ ተቀብሮ የቆየው ከዚያ በኋላ ነው።

አባዬ፣ «በኋላስ ተነጋገራችሁበት?» አላቸው።

«ምን ብለን?» አሉ አባባ ተሰማ። ጥይቷን ኪሳቸው ከተቱና ምሳ ይቅረብ አሉ። ያን ቀን እማዬ ሰፊውን ትሪ አቀረበች፤ ከእሳቸው ጋር አባዬ በላ። እኔ መጉረስ አቅቶኝ እጃቸውን አይ ነበር።

ዛሬ ሁላቸውም የሉም። ጠመንጃው ድሬዳዋ፣ ሳምሶን ቤት ነው ይባላል፤ ዘይት ይቀባው እንደሆነ አላውቅም። የእኛ ትውልድ የልቡን ይናገራል፣ ምንም አያስቀርም እየተባለ ይመሰገናል። እኔና ሳምሶን የተጣላነው በአባዬ ተዝካር ዕለት እኔ በሰው ፊት በተናገርኩት አንድ ቃል ነው። ከሐረር ድሬዳዋ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሳንተያይ ሰባተኛ ዓመታችንን ይዘናል።