ለመስቀል የተቀጠረው ዓይን

ይህ ነገር ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም ሰው መጥቶ «ይቅር በይው፣ ወንድምሽ አይደል?» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ለምን ይቅር እንዳላልኩ አንድ ጊዜ ለሁሉም ተናግሬ ልረፍ ብዬ ነው የምጽፈው።

ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ዛላውን እዚህ አቅራቢያችን ካለችው የቆሼ ከተማ ገበሬዎች ተቀብዬ፣ ለቅሜና ቀንጥሼ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ቆየ። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፣ ወይንሸት ትባላለች። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች።

ወይንሸት ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይኗን ታሻለች። ያሳክካታል። እኔም የበርበሬው ብናኝ ነው እያልኩ እጇን እየመታሁ አሳደግኳት። ሁለተኛ ዓመት ስትደርስ መነጽር ታዘዘላት። በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀየረ፣ ግን ምንም አልፈየደም። ሰሌዳው ላይ ያለው ፊደል ሁሉ ጥላ አለው አለችኝ። ልጄ ሰበብ የምትፈጥር ሰነፍ አይደለችምና ደነገጥኩ። በሰኔ አዲስ አበባ ወስጄ ለዓይን ሐኪም አሳየኋት።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፣ ግን ረጋ ብላ ታስረዳለች። በሽታው ኬራቶኮነስ ይባላል አለችን። ከዓይናችን ፊት ያለው መስታወት የመሰለ ብሌን እየሳሳ ወደ ፊት ይሾላል። ስለዚህ መነጽር አያስተካክለውም፣ ማሸት ደግሞ ያባብሰዋል። እኔ ስለ ንቅለ ተከላ በሬዲዮ ሰምቼ ነበርና፣ እንግዲያው ብሌኗ ይቀየር ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

ገና ነው አለችኝ። አሁን የሚያስፈልጋት በጠብታና በጨረር ብሌኑን የሚያጠነክር ሕክምና ነው፣ እሱ መሾሉን ያቆመዋል። ከዚያ በጠንካራ ኮንታክት ሌንስ አጥርታ ታያለች። ንቅለ ተከላ የሚታሰበው ሌንሱም አልሆን ሲል ወይም ብሌኑ ጠባሳ ሲይዝ ነው፣ ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ ይኖራል አለች። ሦስት ወር ብንቆይስ ብላት ፊቷ ተለወጠ። በዚህ ዕድሜ በሽታው ቶሎ ይሄዳል፣ ባታዘገዩት ይሻላል አለችኝ።

ሦስት ወር ያልኩት ለመስቀል ብዬ ነው። በእኛ ቤት ትልቅ ነገር የሚወሰነው ለመስቀል ነው። አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ሁሉ አገር ቤት ይገባል። ጋብቻው፣ የመሬቱ ነገር፣ የተጣላው ሁሉ ያኔ ይታያል። ታላቅ ወንድም ሳይሰማ ልጅን ለዓይን ሕክምና መስጠት እሱን መናቅ ነው። እኔም በዚሁ ነው ያደግኩት፣ ስለዚህ መስቀልን ጠበቅኩ።

ታላቅ ወንድሜን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ እዚህ ግን አንቱታው ይቅርብኝ። አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል። ክትፎው ተበልቶ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ነገሩን አነሳሁ። ሐኪሟ ያለችውን እንደምንም አስረዳሁ። እሱ እጁን እየጠረገ ሰማኝና፣ መጨረሻው መቀየር አይደል ወይ አለኝ። ከባሰ አዎ አልኩት።

«ታዲያ መጠጋገኑ ለምን አስፈለገ? የሳሳ ዕቃ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ጊዜው ሲደርስ እኔ አስቀይራታለሁ፣ የማውቀው ሰው አለ።»

ዓይን ነው እኮ! የፍሬን ሸራ መሰለው። ሐኪሟ ይህን አላለችም ልል ስጀምር፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ታላቅሽ ተናገረ» አለኝ። ከዚያ ውሳኔው ተመረቀ። በተመረቀ ነገር ላይ ማን ይናገራል? እኔም ከሁሉም ጋር አሜን አልኩ። ወይንሸት ሳህን እያነሳች ነበር፣ ሰምታ ወጣች።

ጋሼ አዲስ አበባ ተመለሰ። ጥቅምት አለፈ፣ ገና አለፈ። ስደውልለት ሰውዬውን አናግሬዋለሁ ይለኛል። ሳይቃጠል በቅጠል እያልኩ ሌላውን የምመክር ሴት፣ የራሴን ቤት እሳት ቁጭ ብዬ አየሁ።

በየካቲት አንድ ጠዋት ወይንሸት ከወልቂጤ ደወለች። ቀኝ ዓይኔ ነጣ፣ እንባው አልቆም አለ፣ በጣም ያመኛል አለችኝ። ሱቁን ለጎረቤቴ ጥዬ ሄድኩ። ቀና አድርጌ አየኋት። የዓይኗ ጥቁሩ የአጓት ቀለም ሆኖ ነበር። አዲስ አበባ እስክንደርስ ሚኒባስ ውስጥ ነጠላዬን ዓይኗ ላይ እንደያዘች ነበረች። እኔ በሆዴ ጋሼን ስረግም ደረስን።

ያችው ሐኪም አየቻት። ብሌኑ በጣም ከመሳሳቱ የተነሳ ውስጠኛው ሽፋን ተቀዶ ውሃ ገብቶበታል አለችን። ውሃው በመድኃኒት በወራት ውስጥ ይቀንሳል፣ ጠባሳው ግን ይቀራል። ያን ጊዜ ንቅለ ተከላ ያስፈልጋታል። ግራው በሰኔ ካየችው ወዲህ ሾሏል፣ ቢሆንም ይተርፋል፣ በዚሁ ሳምንት ይጠንክር ብላ የስምምነት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገች።

በዚህ መሃል ጋሼ ደረሰ። ደውዬ የጠራሁት እኔው ነኝ፣ አመል ሆኖብኝ። ሐኪሟ የነገረችንን ስነግረው ምን ቢል ጥሩ ነው?

«አላልኳችሁም? መቀየሩ አይቀርም ብዬ ነበር።»

ደስ ያለው ይመስላል። በአጥንቴ ውስጥ የገባው ይህ ነው። ልጅቷ አጠገቡ ዓይኗን ሸፍና ተቀምጣለች፣ እሱ ትክክል ስለመሆኑ ይነግረናል። በዚህ አላበቃም። ግራውንም አትነካኩት፣ ሁለቱም አንድ ላይ ቢቀየር ይሻላል፣ ለመስቀል ተሰብስበን እንመክርበታለን አለ። ሐኪሟ ልትናገር ስትል በእጁ ቆይ አላት።

ከዚያ ወዲያ ራሴን አላውቅም። ውጭ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እስኪዞር ጮህኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት።

«ዓይኑ ያንተ አይደለም! አንተን ምን አገባህ?»

ያልተባለ ስድብ አልቀረም። ልጄን ያሳወርክ አንተ ነህ አልኩት፣ ሂድና ብረትህን ሽጥ አልኩት። ወረቀቱን ወደኔ ሳብኩና ልፈርም እስክሪብቶ አነሳሁ። ወይንሸት እጄን ያዘችኝ።

«ያንቺም አይደለም፣ እማዬ።»

ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። በሰኔም እዚሁ ነበርኩ፣ ለመስቀልም እዚያው ነበርኩ፣ አንቺ ምን ትያለሽ ያለኝ ሰው የለም አለችኝ። እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች። በደህናው ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ተጠግታ እያንዳንዱን መስመር አነበበች። ከዚያ ፈረመች። እኔና ጋሼ ጎን ለጎን ቆመን አየናት።

ግራው ከዚያ ወዲህ አልባሰም። በሌንስ ታነባለች፣ ትምህርቷንም ቀጥላለች። ለቀኙ ብሌን ለማግኘት ወረፋ ይዘናል። መቼ እንደሚደርሰን የምታውቀው እሷ ናት፣ ሐኪሟ የምትደውለውም ለእሷ ነው።

ጋሼ አሁንም በየለቅሶ ቤቱ አስቀድሜ ተናግሬ ነበር ይላል አሉ። ለመስቀል ሲመጣ ምግብ አቀርብለታለሁ፣ እንኳን አደረሰህ እለዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለንም። ይቅር በይው የሚሉኝ ሰዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። እሱን ይቅር ያልኩት ቀን የምቆጣበት የሚቀረኝ ሰው እኔው ራሴ ብቻ ነኝ። ለዚያ ገና አልደፈርኩም።