ቤት ውስጥ ብቻ የሚጠራ ስም

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሰዓዳ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አዲስ ስልክ ይዛልኝ መጣች። ደሴ ላይ ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ መስኮታችን ላይ ተኝቶ ነበር። ሰዓዳ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በስሙ ስትጠራው መለሰላት። ነገ ይዘንባል ወይ ብላ ጠየቀችው፣ ይዘንባል አላት። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ግን አንድ ነገር ከነከነኝና፣ ስሙን እስክትጠሪው ድረስ ምን ሲሠራ ይቆያል ብዬ ጠየቅኋት።

«ይጠብቃላ፣ አክስቴ። ያዳምጣል» አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ተነሥቼ ስልኩን ወደ ጓዳ ወሰድኩትና በሩን ዘጋሁበት። ሰዓዳ ያረጀሁ መሰላት። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ደሴ አልነበርኩም። መካ፣ ጀርወል የሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የማንጎ ጭማቂ ፊቴ ቀርቦልኝ ተቀምጬ ነበር።

ያኔ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነኝ። ጅዳ አንድ ቤተሰብ ቤት እሠራ ነበር፤ አበስላለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ልጆቹን አጥባለሁ። ማዳሜ ክፉ ሰው አልነበረችም። በወር አንድ ጊዜ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትለቀኝና ዓርብ ሲመሽ እመለሳለሁ። ባብ መካ ከሚባለው የጅዳ መናኸሪያ ታክሲ ተጋርተን ወደ መካ እንሄዳለን። የጅዳ አየር እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ እንደማድረግ ነው፤ ከባሕሩ ራቅ ሲሉ ይደርቅና ተራሮቹ ይመጣሉ፣ ጥቁርና ራቁታቸውን። መንገዱ ላይ ወታደሮች ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሚያዩበት ኬላ አለ። ኢቃማዬ የጸና ስለነበር በዚያን ጊዜ እንኳ ልቤ አይደነግጥም ነበር። ሰው ያልተወሰደበትን ነገር ዋጋውን አያውቀውም።

የምሄደው ነካሳ ወደሚባለው የመካ ሰፈር፣ እትዬ ዘሐራ ቤት ነው። እትዬ ዘሐራ የወረባቦ ሴት ናት፤ መካ ልጆች ወልዳ አሳድጋለች፣ ልጆቿ ዐማርኛ ይሰማሉ እንጂ የሚመልሱት በዐረብኛ ነው። ቤቷ ዳገቱ ላይ ስለሆነ በጠባብ ደረጃ ይወጣል። ደረጃው የልብስ እጣቢ ስለሚወርድበት ያንሸራትታል። ግማሹን እንደወጣሁ ከአገር ቤት የተላከ በርበሬ ሲቁላላ ይሸተኝና እግሬ ይፈጥናል። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንደኔ ከየሰው ቤት የተለቀቁ ሴቶች እዚያ ይሰበሰባሉ። ሩዙ ላይ ወጥ አፍስሰን ከአንድ ትሪ እንበላለን፤ እንስቃለን፤ ስለ አገራችን እናወራለን፣ ያኔም አገር ቤት ነገር የተበላሸበት ዓመት ነበርና ወሬው የፍርሃት ነበር። ማን ታሰረ፣ ማን ጠፋ።

ከዳገቱ በታች አንድ የመናዊ የስልክ ሱቅ ነበረው። ወደ ታላቅ ወንድሜ ወደ ይማም የምደውለው ከዚያ ነው። ይማም ደሴ የታሪክ መምህር ነበር። ከልጅነቱ ሥጋ አይበረክትለትም፣ ስለዚህ «ጭራሮ» እለዋለሁ። ከእኔና ከእናታችን በቀር በዚህ ስም የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሚስቱ እንኳ አታውቀውም ነበር። በዚያ ዓመት አብረውት ከሚያስተምሩት ሁለት ሰዎች ተወስደው የት እንዳሉ ጠፋ። ይማም በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ባልደረቦቻችን የት ናቸው ብሎ ጠየቀ። ይህንን በስልክ ነገረኝ።

«ጭራሮ እኮ ቶሎ ይሰበራል፤ ይቅርብህ ወንድሜ» አልኩት።

«ብቻውን ሲሆን ነው የሚሰበረው» አለኝና ሳቀ። ከዚያ ስለ እናታችን ጉልበት ሕመም አውርተን ዘጋን።

በዚያው ሰሞን ፓስፖርቴ ጊዜው ሊያልፍ ስለነበር እንዲታደስ ሰጥቼ ነበር። ፓስፖርት ከሌለ ኢቃማ አይታደስም፤ ኢቃማ ከሌለ ደግሞ ሰው መንገድ ላይ ሲገኝ ይታፈሳል። ጉዳዩን የያዘልኝ ደላላ ደወለና፣ ፓስፖርትሽን በተመለከተ አንድ ያገራችን ሰው ሊያገኝሽ ይፈልጋል፣ ጀርወል ከዚህ ሆቴል ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ይጠብቅሻል አለኝ። ሄድኩ። ሰውየው ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ተስፋዬ ነኝ አለኝ፤ እውነተኛ ስሙ ይሁን አይሁን አላህ ያውቃል። ከየት መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም። የማንጎ ጭማቂ አዘዘልኝ። ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ሙቀቱ አወራኝ። የእናታችሁ ጉልበት ተሻላት ወይ አለኝ። ደላላው የነገረው መሰለኝ፤ ደላላው ግን እናት እንዳለችኝም አያውቅም ነበር። ይህን እያሰብኩ ሳለ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ፈገግ አለ።

«ጭራሮስ እንዴት ነው? ተሰበረ ወይስ እንደጠነከረ ነው?»

ከዚያ በኋላ የተናገረውን ሁሉ የሰማሁት ከውኃ ውስጥ ሆኜ ይመስለኛል። የፈለገው ቀላል ነገር መሆኑን ነገረኝ። በምሄድበት ዓርብ ሁሉ እትዬ ዘሐራ ቤት ማን ምን እንደሚል ለእሱ መንገር ብቻ ነው። ለአገር ደኅንነት ነው አለ። ፓስፖርቴ በቶሎ እንደሚመጣም ነገረኝ።

«ወንድሜ ምን አጠፋ?» አልኩት።

«አጠፋ አልኩሽ እንዴ?»

«ታዲያ የእኔና የእሱን ወሬ ማነው የሰማው?»

«እሱ አንቺን አይመለከትም፣ እህቴ» አለኝ። ይህንን መገናኘታችንን ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቆኝ ተነሣ። ጭማቂው ሳይነካ ቀረ።

ጅዳ ተመልሼ ያሳለፍኳቸውን ሳምንታት እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ሸሚዝ ስተኩስ አቃጠልኩ። ማዳሜ ታመሽ እንደሆነ ንገሪኝ እያለች ግንባሬን ትዳስስ ነበር። ይማምን እንዳላስጠነቅቀው፣ የማስጠነቅቅበት ስልክ ራሱ ጆሮ አለው። ዝም እንዳልል፣ ዝምታዬን ምን ይለዋል? ደወልኩለትና ስለ ዝናብ ብቻ አወራሁት። ግራ ገብቶት ተቀይመሽኛል ወይ አለኝ። አልተቀየምኩም ብዬ እንባዬን ዋጥኩ። ከሁሉ የከፋው ግን ሴቶቹን መጠርጠሬ ነበር። ሌሊት ስገላበጥ ፊታቸውን አንድ በአንድ አመጣለሁ። በተለይ ረውዳን። ረውዳ ጥያቄ ታበዛለች፤ ወንድምሽ ምን አለ፣ ደሴ ምን ይወራል ትለኛለች። በፊት ፍቅሯ ይመስለኝ ነበር።

የሚቀጥለው የዕረፍት ዓርቤ ደረሰ። ነካሳ ወጣሁ፤ ተቀመጥን፤ ትሪው ቀረበ። አንዷ ስለ ታሰረ ያክስቷ ልጅ ማውራት ጀመረች። ስታወራ ራሴን ታዘብኩት። ቃሏን በልቤ እየያዝኩ ነበር። የአክስቷን ልጅ ስም፣ ከተማውን። ለማንም ልናገር አላሰብኩም፣ አእምሮዬ ግን ሳልፈቅድለት ይሰበስባል። ያ ሰው ጭማቂ አዝዞልኝ ብቻ ጆሮ አድርጎኝ ሄዷል። እጄን ከትሪው አነሣሁና ሁሉንም ተናገርኩ። ሆቴሉን፣ ሰውየውን፣ የጠየቀኝን። ከዛሬ ጀምሮ ስታወሩ እኔ ዘንድ የመጣ ሰው እንዳለ እያወቃችሁ አውሩ አልኳቸው።

አንዷ ሂጃቧን አስተካክላ ጫማዋን ፈልጋ ወጣች፤ ሁለተኛ አልተመለሰችም። ቀጥሎ ረውዳ አጎንብሳ እንደተቀመጠች ተናገረች።

«እኔንም ጠይቀውኛል። ስለ አንቺ ነበር የጠየቁኝ። ወላሂ፣ ምንም አልሰጠኋቸውም።»

አመንኳት? በዚያን ሰዓት አዎን። አቀፍኳት። ከዚያ በኋላ ግን በተለያየ ጊዜ የተለያየ ነገር አምኛለሁ።

እትዬ ዘሐራ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። «እኔ ዘንድማ ከእናንተ ሁሉ ቀድመው ነው የመጡት» አለች። «ስልክ ይደውሉልኛል፤ እኔም የምነግራቸው ምን እንደበላን ነው። ዛሬ ሩዝ፣ ያለፈው ዓርብ ምስር።» ሳቃችን አመለጠን፤ ዐይናችን እንባ ይዞ ነበር የምንስቀው።

«ኸላስ፣ በቃ ልጆቼ፣ እንግዲህ ብሉ። የሚፈሩት ነገር ቢኖራቸው ነው የሚያስፈሩን» አለች።

ፓስፖርቴ አልመጣም። ደላላው አንድ ቀን ስልኩን ማንሣት አቆመ። ኢቃማዬ አለፈ፣ ኬላው ላይ ማለፍ ስለማልችል መካ መሄዴም ቀረ። አሠሪዬ ችግር አልፈልግም ብሎ በመጨረሻ በጊዜያዊ ወረቀት ወደ አገሬ ሰደደኝ። ደሴ ስገባ ይማም ቤት አልነበረም። ከሻንጣዬ ጋር ደጃፍ ላይ ቆሜ እናቴ ስታለቅስ ነው የሰማሁት። ከረመዳን በኋላ ወስደውት ነበር።

ወራት ቆይቶ ያለ ክስ ተለቀቀ። ጥርሶቹ ጎድለው ነበር። ሲመረምሩት እኔና እሱ ያወራነውን እያነበቡ ያሰሙት ነበር፤ ሳቃችን የት ቦታ ላይ እንደሆነ ሳይቀር። ከተፈታ በኋላ ማን እንዳሰረኝና በምን እንዳሰረኝ ይነገረኝ ብሎ ከቢሮ ቢሮ ተመላለሰ። በመጨረሻ አንድ ጸሐፊ፣ መምህር፣ እርስዎ እኮ በእኛ ዘንድ ታስረው አያውቁም አለው። ቤት ገብቶ ይህን ሲነግረን ተቆጥቶ አልነበረም። ለምን እንደታሰረ ካለማወቁ ይበልጥ ይሄኛው አልገባው አለ። ወደ ማስተማር ቢመለስም በስብሰባ ላይ ዳግም እጁን ሲያወጣ ያየው የለም።

ሰዓዳ ታሪኩን ሰምታ ስታበቃ፣ ያዳመጣችሁን ሰው ታዲያ አላወቃችሁም ወይ አለችኝ። አላወቅንም። ማንም አልነገረንም፤ የሚጠየቅም ሰው የለም። ያ ያዳመጠን ሰው ዛሬ በሕይወት ካለ ሸብቷል። ጡረታ ወጥቶ የልጅ ልጆቹን ይዞ መስጊድ ወይ ቤተ ክርስቲያን ይመላለስ ይሆናል። የእናቴን ሕመም ያውቃል፤ በምን እንደምንስቅ ያውቃል። እኔ መልኩን አላውቀውም። ሰው ይቅር ለማለት እንኳ ፊት ያስፈልገዋል።

ትናንት ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ወርጄ ነበር። ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ከፊቴ ቆሞ ሞቅ አድርጎ ሰላም አለኝና፣ ይማም እንዴት ነው፣ ደኅና ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነው አልኩት። ማን ልበለው ብሎ መጠየቅ ወግ ነው፤ ስሙን ግን አልጠየቅሁትም። አብሮት ያስተማረ ይሆናል፤ ያገሩ ሰው ሁሉ ይማምን ይወዳል። ሽማግሌው ትንሽ ጠበቀኝ፣ ባርኔጣውን አነሣልኝና በሕዝቡ መካከል ሄደ። ባዶ ዘንቢሌን ይዤ ቤቴ ገባሁ።