አራተኛው የቤዝ ክር

ከቴፒ ያገለገለ ቤዝ ጊታር ገዝቼ ሚዛን ከተማ ባለው ጸሎት ቤታችን ውስጥ ከመዘምራን ጋር መጫወት እየለመድኩ ነበር። አንድ ቅዳሜ ወፍራሙ ክር ተበጠሰ። ሚዛን ውስጥ የቤዝ ክር ከየት ይመጣል? ሞተር ጠጋኙ ጓደኛዬ ታምሩ፣ "ለዚህ ነው የምትጨነቀው?" ብሎ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ካቦ፣ ያን ጠንካራ የሽቦ ገመድ፣ አምጥቶ ወጠረልኝ። ለጊታር የተሠራ ነው የሚመስለው!

እሁድ የጣሪያው ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ቤዙን መታሁት። ሰባኪያችን ግን የውሃ ሽታ ሆኑ። ሽማግሌዎቹ "ቀጥሉ" እያሉ በእጃቸው ሲጠቁሙን ጣቶቼ ውሃ ቋጠሩ።

ከስንት ጊዜ በኋላ ሰባኪው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ በጭቃ ሆነው ገቡ።

"ይቅርታ ወገኖቼ፣ ታምሩ ጋ ያሳደርኩትን ሞተር ካቦውን ነቅለውብኝ በእግሬ መጣሁ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ።

"አንተ ግን ተባረክ! ቤዙን ከሩቅ ስሰማው የራሴ ሞተር ሊወስደኝ የመጣ መሰለኝ።"